ቤት ነቅሎ መትከል፦ የአሮጌ ቤትን ዕቃ መልሶ ለግንባታ የማዋል ዘዴ

በጎጃም ቤት ማፍረስና ቤት መንቀል አንድ አይደሉም። የፈረሰ ቤት ትቢያ ይሆናል፤ የተነቀለ ቤት ግን ቋሚው፣ ማገሩና ወራጁ ተለቅሞ በሌላ ቦታ ይተከላል። ገበሬው ከአንድ ጎጥ ወደ ሌላው ሲዛወር ቤቱን ነቅሎ ይሄድ ነበር፤ በደርግ ጊዜ በነበረው የመንደር ምሥረታ ዘመን ደግሞ ሳይወድ በግድ እንጨቱን በትከሻው ተሸክሞ በታዘዘበት ቦታ መልሶ አቁሞታል። ዛሬ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣና በዳንግላ የማየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሃምሳና ስድሳ ዓመት የቆመ ቤት በአንድ ቀን በዲጂኖና በዶማ ይናዳል፤ እንጨቱ ለማገዶ ይሰነጠቃል፤ ጭቃውና ድንጋዩ በጋሪ ተጭኖ ወደ ወንዝ ዳር ይጣላል። ባለቤቱም በማግስቱ አዲስ አጣና፣ አዲስ ድንጋይና ብዙ ኩንታል ሲሚንቶ ለመግዛት ገንዘብ ፍለጋ ይወጣል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በግቢው ያለውን አሮጌ ቤት አንሥቶ አዲስ ለመሥራት ያሰበ ሰው መዶሻ ከማንሣቱ በፊት እንዲያነበው ነው። ጉዳዩ የባለቤቱ ኪስ ብቻ አይደለም። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ከሌሎች ማዕድናት ጋር እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ነው፤ ለማቃጠያ ከሚውለው ነዳጅ በተጨማሪ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በዚህ ምክንያት የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው የዚህ ጋዝ መጠን ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ሥራ ይመነጫል። በግቢያችን የቆመው ጭቃ፣ ድንጋይና እንጨት ግን ድካሙም እሳቱም ቀድሞ የተከፈለለት ነው።

መጀመሪያ፦ ቤቱ በእርግጥ መነሣት አለበትን?

ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ቤቱን ባለበት ማቆየት ነው፤ ስለዚህ ምርመራው በጥንቃቄ ይደረግ። በጭቃ ቤት ላይ ከሌላው ክፍል ሁሉ ቀድሞ የሚሞተው የቋሚው እግር ነው። ከመሬቱ ወለል አንድ ስንዝር ወደ ታችና አንድ ስንዝር ወደ ላይ ባለው ክፍል ርጥበትና አየር ስለሚገናኙ መበስበሱም ምስጡም እዚያ ይበረታል። ከዚያ በላይ ያለው እንጨት ብዙ ጊዜ እንደ ተተከለበት ቀን ጤነኛ ነው። ቤቱ «አርጅቷል» ተብሎ የሚፈረድበት በዚህች ሁለት ስንዝር ምክንያት ሆኖ ሳለ መላው ቤት ሲናድ ማየት እኔን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እግሩን ለመመርመር ከቋሚው ሥር ያለውን ልስንና ጭቃ እስከ ጉልበት ከፍታ ማንሣት፣ ከዚያም እንጨቱን በጠንካራ ቢላዋ ወይም በወፍራም ሚስማር መውጋት ያስፈልጋል። ሚስማሩ አልገባም ካለ እንጨቱ ደኅና ነው፤ ያለ ችግር ጣት ያህል ከጠለቀ ግን ውስጡ አልቋል። በመዶሻ ጀርባ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅም ይለያል፦ ጤነኛው ጥርት ያለ፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ አለው። የተበላው እግሩ ብቻ ከሆነ መጠገን ይቻላል፤ አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ከተበላሸው ቋሚ ግራና ቀኝ ሁለት ጠንካራ ባላዎች በአናቱ ላይ በተጋደመው እንጨት ሥር ይቆማሉ። ባላዎቹ ወደ መሬት እንዳይሰጥሙ ከሥራቸው ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወፍራም ጣውላ ይነጠፍላቸዋል። በሽብልቅ ወይም በመኪና ክሪክ ቀስ እየተባለ የጣራው ሸክም ከቋሚው ወደ ባላዎቹ እንዲተላለፍ ይደረጋል፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው ሸክሙን መረከብ እንጂ ጣራውን ማንሣት አይደለም፤ ከልክ በላይ ከተነሣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ከዚያም ቋሚው ከበሰበሰው ክፍል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ጤነኛው እንጨት ላይ በመጋዝ ይቆረጣል። የድሮው እግር ከነአፈሩ ተቆፍሮ ይወጣል፤ በቦታውም ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ተወርዶ የድንጋይ ግንብ ይሠራና ከመሬት በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። ከግንቡ ውስጥ ሁለት የብረት ጠፍጣፋዎች ቀድመው ተቀብረው ከወጡ፣ የቋሚውን ጫፍ ግራና ቀኝ ይዘው በብሎን ይታሰራሉ፤ ይህ የሚደረገው ነፋስ ጣራውን ወደ ላይ በሚስብበት ጊዜ ቋሚው ከግንቡ እንዳይላቀቅ ነው። ግንቡ በሲሚንቶ ከተሠራ ባላዎቹ ቢያንስ 7 ቀን፣ በኖራ ከተሠራ ደግሞ ብዙ ሳምንታት መቆየት አለባቸው። ሁለት ጎረቤት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ ፈጽሞ አይቆረጡ።

የእግሩ ነገር ካለቀ በኋላ የበሽታው ምንጭ ይታይ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር መተኛቱ ነው። ጣራው ከግድግዳው ሦስት ስንዝር ያህል ወጣ ቢል፣ አሸንዳ ቢገባለት፣ በዙሪያውም ውሃውን ወደ ውጭ የሚወስድ ቦይ ቢቆፈር የተጠገነው ቤት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ግድግዳው ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ ፍርዱ ቶሎ አይሰጥ። በስንጥቁ ላይ በሁለት ሦስት ቦታ ስስ የጀሶ ልጥፍ ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ክረምት አልፎ ልጥፉ ካልተሰነጠቀ ግድግዳው ረግቷል፤ ስንጥቁን መሙላት ይበቃዋል። ልጥፉ ከተሰበረ መሠረቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነውና፣ በተለይ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ቤት ከሆነ፣ መሐንዲስ ሳያየው ምንም አይነካ።

ከመንቀል በፊት

መነሣቱ ግድ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ የወረቀት ነው። በከተማ ክልል ውስጥ ለማንሣትም ለመሥራትም የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤቱ ታሪካዊ ከሆነ፣ ወይም ነው የሚል ጥርጣሬ እንኳ ካለ፣ የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ሊያየው ይገባል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ መለወጥንና ማንሣትን ይከለክላል። በመርጡለ ማርያም የእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ ያለው ጥርብ ድንጋይ፣ በደብረ ማርቆስም በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሆነው የነገሡት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ዕቃ እንደ ማንኛውም ያገለገለ ዕቃ የሚታይ አይደለም። መልሶ መጠቀም የምንለው የራሳችን የሆነውን ነው፤ ፍርስራሽ ሆኖ ስለታየ ብቻ ድንጋይ መልቀም ዝርፊያ ነው። ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ከሆነም ሰበካ ጉባኤው ሳይወስን አንድ እንጨት አይነሣ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰብል ተሰብስቦ ሰው ለደቦ የሚገኝበት፣ የተነቀለውም እንጨት ዝናብ ሳያገኘው የሚደርቅበት ጊዜ ነው። መብራትና ውሃ በባለሙያ ይቋረጥ። ከዚያ በፊት ግን፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ልናገር፣ የማከማቻው ቦታ ይዘጋጅ። እንጨት በባዶ መሬት ላይ ከተጣለ በሁለት ሳምንት ምስጥ ያገኘዋል። ድንጋይ ተደርድሮ በላዩ አግዳሚ እንጨት ይጋደም፤ የሚነቀለው ሁሉ እዚያ ላይ በየመጠኑ ይደርደር፤ ከላይ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ይልበስ፤ ጎኑ ግን ነፋስ እንዲያገኘው ክፍት ይሁን።

ስለ ሠራተኛ ክፍያም አንድ ምክር አለኝ። ማንሣቱን በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሠራተኛ ቶሎ መጨረስ ይጠቅመዋልና ይሰብራል። በቀን ሂሳብ መክፈል፣ ወይም ሳይሰበር ለወጣ እያንዳንዱ ቆርቆሮ፣ በርና ቋሚ ጭማሪ መስጠት የሚያዋጣው ለባለቤቱ ነው። የሚወጣው ዕቃ የማን እንደሆነም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። በአንድ ወቅት እኔ ራሴ ይህን ሳልጽፍ ቀርቼ ሦስት የዋንዛ በሮች ከግቢ ወጥተው ተሸጠው ደርሼባቸዋለሁ።

የመንቀል ቅደም ተከተል

ደንቡ አንድ ነው፦ በመጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። በርና መስኮት ከነመቃኑ፣ ከዚያ ኮርኒስ፣ ከዚያ የጣራ ቆርቆሮ፣ ከዚያ የጣራ ማገርና ወራጅ ወይም ካፕሪያታ (በሦስት ማዕዘን የተገጣጠመው የጣራ ተሸካሚ)፣ ከዚያ የግድግዳው ጭቃ፣ ማገርና ዋልታ፣ በመጨረሻ ቋሚውና የመሠረቱ ድንጋይ። ማንም ሰው ያልታሰረ ወይም ያልተደገፈ ግድግዳ ሥር አይቁም፤ ሕፃናትም ከግቢው ይራቁ።

የቆርቆሮ ሚስማር ሲነቀል ከመንቀያው ሥር ትንሽ የጣውላ ቁራጭ ካልገባ የቆርቆሮው ሞገድ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ሞገድ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር አይነባበርም። የወረደውን ቆርቆሮ አንድ ሰው ከሥሩ ሆኖ ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመልከተው። ከሚስማሩ ቀዳዳ ሌላ ብርሃን የማያሳልፈው እንደገና ለመኖሪያ ቤት ይሆናል፤ ሲጫንም አዲሱ ማገር በድሮው ቀዳዳ ርቀት ቢደረደር አዲስ መብሳት አያስፈልግም። በጥቂት ቦታ የበሳሳው ለማድ ቤት፣ ለከብት ቤትና ለእንጨት ማከማቻ ይውላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ፦ በቀድሞ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ ሕንጻዎች ላይ ግራጫ ቀለም ያለው፣ ከቆርቆሮ የወፈረ፣ ሲነካ ሲሚንቶ የሚመስል ሞገዳማ ክዳን ይገኛል። እንዲህ ያለው ክዳን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ሲሰበር፣ ሲበሳ ወይም በመጋዝ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ይህ መልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። ሳይነካ መተው፣ መነሣት ካለበትም በባለሙያ ረጥቦ፣ ሳይሰበር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንዲነሣ ማድረግ ብቻ ነው መፍትሔው።

እንጨቱ

በባሕር ዛፍ ዘመን የተሠራ ቤትና ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ የተሠራ ቤት እንጨታቸው ይለያያል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ በየገጠሩ እስኪዳረስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወስዷል። ስለዚህ በቆዩ ቤቶች ውስጥ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና ዋንዛ ይገኛል። እነዚህ ምስጥን የሚቋቋሙ እንጨቶች ናቸው፤ በተለይ ጥዱና ወይራው ዛሬ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ወረዳዎች ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ብዙም አይታዩም። ከአሮጌ ቤት አንድ የጥድ ምሰሶ ያገኘ ሰው ለማገዶ ቢያደርገው በገንዘብ የማይተካ ነገር ማቃጠሉ ነው።

የተነቀለው እንጨት ሁሉ በዚያው ቀን ሚስማሩ ይነቀልለት። ሥራ ያስተማሩኝ አንድ አዛውንት አናጺ «ልጄ፣ ሚስማሩን ሳትለቅም መጋዝ አታንሣ» ይሉኝ ነበር፤ የተደበቀ ሚስማር መጋዙንም እጅንም ያበላሻል። ተቃንቶ የሚገባው ሚስማር ለማገር ማሰሪያ እንጂ ሸክም ለሚይዝ መጋጠሚያ አይሁን። የቆየ ባሕር ዛፍ ደርቆ እንደ አጥንት ስለሚጠነክር በቀጥታ ሲመታ ሚስማሩ ይታጠፋል ወይም እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ከሚስማሩ ቀጠን ባለ መብሻ ቀድሞ መብሳት ይረዳል።

ከሁሉ በላይ ግን እንጨቱ አስቀድሞ አይቆረጥ። በሙሉ ርዝመቱ ተለክቶ፣ በጠመኔ ቁጥር ተጽፎበት፣ «4 ሜትር፣ ጥድ፣ 3 ፍሬ» እየተባለ በደብተር ይመዝገብ። አዲሱን ቤት የሚነድፈው ሰው ይህን ደብተር ይዞ ከጀመረ የክፍሉ ስፋት ባለው ወራጅ ልክ ይሆናል፣ የመስኮቱም ቀዳዳ ባለው መስኮት ልክ ይተዋል። ንድፉ መጀመሪያ ተሠርቶ ከዚያ አሮጌው ዕቃ እንዲገባበት ከተሞከረ ግማሹ እንጨት ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል።

ጭቃው

ሰው ከሚጥለው ዕቃ ሁሉ በይበልጥ የሚቆጨኝ የግድግዳው ጭቃ ነው። ሲሚንቶ አንዴ ከደረቀ ተመልሶ ሲሚንቶ አይሆንም፤ ጭቃ ግን የደረቀው ውሃው ስለ ሄደ ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ ሲመለስለት እንደገና ጭቃ ይሆናል። ከመቶ ዓመት ቤት የወረደ ጭቃ ለሌላ መቶ ዓመት ያገለግላል።

ግድግዳው ከመፍረሱ በፊት የውጭውና የውስጡ ልስን ለብቻው ይፈቅፈቅ። በሲሚንቶ ወይም በቀለም የተለበጠው ክፍል ከአፈሩ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችልም አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ውሃ እየረጩ መፋቅ ይገባል። ንጹሑ ጭቃ በዶማ ጀርባ ተሰባብሮ፣ ሥሩ፣ ላስቲኩና የዋልታው ስብርባሪ ተለቅሞ፣ በአንድ ቦታ ይከመር። ከመሬት በላይ አንድ ስንዝር ድረስ ያለው የግድግዳው ግርጌ ግን ይለይ፤ በርጥበት የመጣ ጨው ስለሚከማችበት ነጭ ዱቄት የሚታይበት ከሆነ ለምርጊት አይሆንም፣ ለጓሮ መደልደያ ይሁን።

አፈሩ ከመቡካቱ በፊት ይፈተን። ከተሰባበረው አፈር አንድ እፍኝ በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በደንብ ተንጦ አንድ ቀን ይቀመጥ፤ አሸዋው ከሥር፣ ደለሉ ከመካከል፣ ሸክላው ከላይ ተነጣጥለው ይረጋሉ። ሌላው ፈተና በእጅ ነው፦ ርጥብ ጭቃ እንደ ብርቱካን ተድቦልቡሎ ከደረት ከፍታ ሲጣል ጥቂት ተጠፍጥፎ ከቀረ ጥሩ ነው፤ ከተበታተነ ሸክላ አንሶታል፤ ምንም ሳይሰነጠቅ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ሸክላው ወይም ውሃው በዝቷል። በጎጃም ደጋ ያለው ቀይ አፈር በአብዛኛው ይስማማል፤ በቢቸናና በደጀን ሜዳ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ግን ሲረጥብ ስለሚያብጥና ሲደርቅ ስለሚተረተር፣ ከአሸዋና ከብዙ ጭድ ጋር ካልተቀላቀለ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም።

ከዚያ ክምሩ መካከሉ ጎድጉዶ ውሃ ይሞላበትና ያድር። በማግስቱ የጤፍ ጭድ እየተበተነ በእግር ይረገጥ። አሮጌው ጭድ በውስጡ ቢኖርም ጥንካሬው አልቋልና አዲስ መጨመር ግድ ነው። ከተረገጠ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ ውሃ እየጠጣና እየተገለበጠ ይቡካ፤ በደንብ የቦካ ጭቃ ጭዱ ልሞ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ስንጥቁ ያንሳል። ለመጨረሻው ልስን በደቃቅ ወንፊት የተነፋ ያው አፈር፣ አሸዋና እበት ይበቃል። መላውን ግድግዳ ከመለሰን በፊት አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ተለስኖ ለሳምንት ይታይ፤ ከተሰነጠቀ አሸዋ ወይም ጭድ ይጨመር።

በጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን መለበጥን አልመክርም። ከላይ ጠንካራ ቢመስልም ግድግዳው የያዘውን ርጥበት ያፍንበታል፤ ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላቀቅና የኋላው ጭቃና እንጨት በስብሶ ይገኛል። በምትኩ የኖራ ቅብ የተሻለ ነው፤ ግድግዳው እንዲተነፍስ ይፈቅዳልና። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላና ቆዳና ዓይን እንደሚያቃጥል ግን አይዘንጋ።

ድንጋይ፣ ጡብ፣ ብሎኬትና ብረት

በጭቃ የተገነባ ድንጋይ በቀላሉ ይለያያል፤ ታጥቦ እንደገና ለመሠረትና ለግንብ ይሆናል። በኖራ የተያያዘውም በመሮና በትዕግሥት ይላቀቃል። ኖራ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ከሞጣ በታች ዓባይን የሚሻገረው የጎንደር ዘመን ሰባራ ድልድይ፣ መካከሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቢቆረጥም፣ የቀረው ግንብ በኖራ ተያይዞ ለዘመናት ቆሟል። የኖራ ጥቅሙ ከድንጋዩና ከጡቡ ይልቅ የሚለሰልስ መሆኑ ነው፤ ሲነቀል የሚሰበረው መጋጠሚያው እንጂ ጡቡ አይደለም። በሲሚንቶ የተያያዘ ጡብና ብሎኬት ግን አብሮ ይሰበራል። ስለዚህ ዛሬ በድንጋይ ወይም በጡብ የሚገነባ ሰው መሐንዲሱ ከፈቀደለት በኖራ ወይም ሲሚንቶው በሳሳ ማያያዣ ቢገነባ፣ ወደፊት ለሚነቅለው ሰው ዕቃውን ሳይሰበር ያስረክበዋል።

የተሰበረ ብሎኬትና አርማታ ተፈጭቶ ወይም ተከስክሶ ከወለል ሥር ለሚነጠፈው ሶሊንግና ለግቢ መንገድ ይውላል። ለአዲስ ኮለንና ቢም (የአርማታ ምሰሶና አግዳሚ) ጠጠር አድርጎ መጠቀም ግን በላቦራቶሪ ሳይፈተን አይሞከር። ከአርማታ የወጣ ፌሮም እንዲሁ ነው፦ ታጥፎ የተቃና፣ እሳት ያገኘው ወይም ዝገት የበላው ብረት ጥንካሬው አይታወቅምና ሸክም በሚይዝ ክፍል ውስጥ አይግባ፤ ለአጥርና ለመስኮት መከለያ ይሁን፣ የቀረውም ተመልሶ ለሚቀልጥበት ይሸጥ።

አዲሱ ቤት ሲቆም ከአሮጌው የተረፈው እንጨት፣ ቆርቆሮና መስኮት በደብተሩ ላይ እንደ ተመዘገበ ይቆይ፤ ለአንዱ የማይሆነው ለጎረቤት ማድ ቤት ይሆናልና በዕድሩ ወይም በገበያ ቀን ቢነገር ፈላጊ አያጣም። በመጀመሪያው ክረምት ደግሞ ከከባድ ዝናብ በኋላ በማግስቱ ሦስት ነገሮች ይታዩ፦ በድሮ ቀዳዳዎች የሚያፈስ ቆርቆሮ፣ በግንቡና በቋሚው መካከል የላላ ብሎን፣ ከግድግዳው ሥር የቆመ ውሃ።